ጠና ማሽኑን ወደ ግድግዳ ያዞረ ጊዜ

ስሜ ትርፊት ነው፤ ሰው የምፈራ ሴት አይደለሁም። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሆሳዕና ከተማ ሱቅ ይዤ፣ ከነጋዴውም ከቀበሌውም ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩ ነኝ። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሱቄን ጓጉንቸር። ቆልፌ አሥር እርምጃ ሳልሄድ "ባይቆለፍስ?" የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። እመለሳለሁ፣ እጎትተዋለሁ፣ ተቆልፏል። እንደገና አሥር እርምጃ፣ እንደገና መመለስ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አምስት ዓ.ም. ይህ ነገር ከያዘኝ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር።

አንድ ጊዜ ከቀበሌ ስብሰባ ሦስቴ ወጥቼ ብመለስ፣ ሊቀመንበሩ አብዮቱን የናቅኩ መስሎት ሕዝብ ፊት ግለ ሂስ አስደረገኝ። በጓጉንቸር ምክንያት ግለ ሂስ ያደረገ ሰው በኢትዮጵያ ምድር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የሰፈሩ ሰው ግን ደግ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ በስፌት ማሽን ልብስ የሚሰፋው ጠና የሚባል የሀዲያ ልጅ ነው፤ ወንጌላዊ አማኝ፣ ለቀልድ እንኳ የማይዋሽ። "ጠና፣ ተቆልፏል?" ስለው ከስፌቱ ቀና ብሎ ያይና "ተቆልፏል፣ እትዬ" ይለኛል። ልቤ መለስ ትላለች፤ ለሩብ ሰዓት ያህል።

ልጄ እልፍነሽ ሺንሺቾ የምትባል ከተማ አግብታ ሴት ልጅ ከወለደች ስምንት ወር ሆኗት ነበር፤ እኔ ግን የልጅ ልጄን አላየኋትም። ሦስት ጊዜ አውቶብስ ተሳፍሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ተሳፋሪው በሙሉ "ተቆልፏል እናቴ፣ ተቀመጪ" እያለኝ ከከተማው ዳር ወርጃለሁ። በመጨረሻ ከእልፍነሽ ደብዳቤ መጣ። "እማዬ፣ ልጄ ጥርስ አበቀለች። ከእኛና ከጓጉንቸርሽ አንዱን ምረጪ" ይላል። ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ልቤ ሲመታ የሚያበርድ ኪኒን ካለ ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ጵርስቅላ እስክጨርስ ሰማችኝ፤ ኪኒን ግን አልሰጠችኝም። ይህ እብደት እንዳልሆነ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስትሠራ አንድ ሐኪም እንዲህ ያሉ ሰዎችን በልምምድ ሲረዳ እንዳየች ነገረችኝ። ተመልሼ ባየሁ ቁጥር ፍርሃቱን እየቀለብኩት ነው አለች፤ ሰው "ተቆልፏል" ሲለኝም ያው ቀለብ ነው። ስለዚህ እሷ እንዳለችው አንዴ ቆልፌ እሄዳለሁ፣ ፍርሃቴን ከአሥር ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ምንም ሳላደርግ እቀመጣለሁ፣ ቆይቼ እንደገና ቁጥር እሰጠዋለሁ። የሰፈሩም ሰው ስጠይቀው "እኔ እንጃ" ይበለኝ።

"ፍርሃቱ በራሱ ይወርዳል፤ እርስዎ አያውርዱት" አለችኝ።

ለዚህ ነው እንዴ የተማርሽው ልላት ነበር፤ የደብዳቤው ነገር ትዝ ሲለኝ እሺ አልኳት።

ሰፈሩ በሙሉ እየሳቀ ተስማማ። ያስቸገረው ጠና ብቻ ነው። ተቆልፎ እያየሁ እኔ እንጃ ማለት ውሸት ነው፣ አልልም አለ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች። በማግስቱ ስመጣ ማሽኑን አዙሮ፣ ፊቱን ለግድግዳ፣ ጀርባውን ለሱቄ ሰጥቶ ተቀምጧል። "አሁን በእውነት አላውቅም" አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ቆልፌ ከሲስተር ጋር ሻይ ቤት ተቀመጥን። ስንት ነው ስትለኝ ዘጠኝ አልኳት። ላቤ ተንቆረቆረ፣ ሻዬ ቀዘቀዘ፣ እሷንም ሰደብኳት። እሷ ሻይዋን መጠጣቷን ቀጠለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግማ ስትጠይቀኝ አምስት ሆኖ አገኘሁት። ገረመኝ፤ እኔ ምንም አላደረግኩም እኮ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ሮጬ ተመልሼ ጎትቼዋለሁ፤ አልተቆጣችኝም፣ በማግስቱ ካቆምንበት ቀጠልን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ፍርሃቱ ከስድስት የሚጀምር፣ ወደ ሁለት ቶሎ የሚወርድ ሆነ።

በአራተኛው ሳምንት ወደ ሺንሺቾ ልሄድ ስል የአውቶብሱ ሹፌር ጡሩምባውን እየነፋ ሲያጣድፈኝ፣ ቆጮና ቅቤዬን ተሸክሜ፣ ቆልፌ ሮጥኩ። መንገድ ላይ አንጋጫ የምትባል ከተማ ስንደርስ ፍርሃቴ ስምንት ነበር፤ አልወረድኩም። ሺንሺቾ ስደርስ አራት ሆኗል። እልፍነሽ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሕፃኗ ግን አየችኝና ጮኻ አለቀሰች፤ ለሷ እኔ ባዳ ነኝ። እሱ አንጀቴን በላው። በሦስተኛው ቀን ጣቴን ይዛ ሳቀች።

በአምስተኛው ቀን ሆሳዕና ተመለስኩ። ቁልፌን አውጥቼ ጓጉንቸሩን ስይዘው፣ ቁልፉን ሳላስገባ ተከፍቶ እጄ ላይ ቀረ። ለካ በጥድፊያ ቀለበቱ ላይ አንጠልጥዬው ሄጃለሁ እንጂ አልቆለፍኩትም። አምስት ቀን ሙሉ! ገብቼ አየሁ። አቡጀዲው፣ ሳሙናው፣ ስኳሩ እንዳለ ነው፤ አቧራ ብቻ ተጨምሮበታል።

ጠና ሰምቶ መጣና ክው አለ። ወደ ሱቁ ዞሬ ቢሆን አየው ነበር እያለ ሊያለቅስ ደረሰ። ሲስተርም ወሬው ደርሷት፣ የለፋንበት ሁሉ ገደል ገባ ብላ እየሮጠች መጣች።

"ስንት ነው?" አለችኝ ቀስ ብላ።

ደረቴ ውስጥ ፈለግኩት። ሁለት ነበር። ከሱ የበለጠው ንዴቴ ነው። ሰባት ዓመት የፈራሁት ነገር እነሆ ደረሰ፤ አንዲት ሳሙና እንኳ አልሄደችብኝም። ጓጉንቸሩን ስጠብቅ ግን የልጅ ልጄ ዘጠኝ ወር አምልጦኛል፤ እሱን ማንም አይመልስልኝም።

ወጣሁና ቆለፍኩት፤ አንዴ። ጠና ተመልሶ ጥላው ውስጥ ግድግዳውን እያየ ሊሰፋ ሲቀመጥ አየሁት፤ አንድ ወር ሙሉ ለኔ ሲል በዚያ ጨለማ መርፌ ሲያይ ዓይኑ ደም መስሏል።

"ጠና" አልኩት፣ "ማሽንህን ወደ ብርሃኑ መልስ። ከእንግዲህ አልጠይቅህም።"