የሀቢቦ እንቅልፍ

ማንያታ ሰፈር አዲስ የገባ ሰው ፎዚያንና ሀቢቦን ሲያይ እናትና ልጅ ይመስሉታል። እህትማማቾች ናቸው። እናታቸው ዋልዳ በሚባል የኬንያ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ስትሞት ፎዚያ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ ሀቢቦ ደግሞ ኮረዳነቷን ሳታጣጥመው ሕፃን አዝላ ለራሽን የምትሰለፍ ሴት ሆነች። መጠለያው ሲዘጋ ስደተኛው ግማሹ ወደ አገሩ፣ ግማሹ ወደ ሌላ መጠለያ ተበተነ። ሀቢቦ ግን እህቷን ይዛ ኬንያ ሞያሌ ቀረች። የሰው ልብስ አጥባ፣ ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ሽንኩርት ተሸክማ አሳደገቻት፤ አስተማረቻት፤ ዳረቻት። ፎዚያም "እህቴ" ብላ ጠርታት አታውቅም። "አዮ" ነው የምትላት፤ በቦረናዎቹ አፍ "እናቴ" እንደ ማለት ነው።

ሀቢቦ ከማኅፀኗ የወጣ አንድ ልጅ ነበራት፤ ሊበን። ከብት ጭኖ ወደ ናይሮቢ ሲወርድ መኪናው ማርሳቢት ሳይደርስ ተገልብጦበት ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ሀቢቦን እንቅልፍ እምቢ አላት። ቀን ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ ትውላለች፤ ሲመሽ ተነሥታ የልጇን ሸሚዞች ታጥባለች፤ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ፎዚያ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙም ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ክኒን አዘዘላት። ሀቢቦ ያን ጊዜ የሚነገራትን የምትሰማ ስላልነበረች ምክሩን የተቀበለችው ፎዚያ ናት።

"ይህ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው" አላት። "ሰውነቷ ከለመደው ማቆሙ ያስቸግራል። ሲያልቅ ይዘሻት ነይ።"

ፎዚያ እሺ አለች።

ክኒኑ ሲያልቅ ግን ይዛት አልሄደችም። ያን ሰሞን የልብስ ሱቅ ከፍታ ገና እግሯን እየተከለች ነበር። ባሏ ለንግድ ናይሮቢ ይከርማል፤ ልጆቿ ትንንሾች ናቸው። በክኒኑ ሰበብ ቤቱ ጸጥ ብሎላት ነበር። ለቅሶው ሲመለስ አንጀቷ አልቻለም፤ እውነቱን ለመናገር ጆሮዋም አልቻለም። ድንበሩን ተሻግራ የሐኪም ወረቀት የማይጠይቅ መድኃኒት ቤት አገኘችና ገዝታ መጣች።

"ሐኪሙ ትቀጥል ብሏል፣ አዮ" አለቻት።

ሀቢቦም ያሳደግኳት ልጅ ትዋሸኛለች ብላ አላሰበችም። ተቀብላ በውኃ ዋጠችው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ሀቢቦ ተኛች፤ እየቆየ ግን ነቅታም የተኛች ትመስል ጀመር። ሲጠሯት ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሰው ዘግይታ ነው የምትመልሰው። ሻይ ጥዳ ትረሳለች። የጀመረችውን ወሬ መሃል ላይ ጥላ ሰው ሰው ታያለች። አንዱ ክኒን አልበቃ ሲል ፎዚያ ሌላ ጨመረችላት። ጎረቤት እርጅና ነው አለ፤ ፎዚያም አብራ እርጅና ነው አለች። ሀቢቦ ግን ያረጀች ሴት አልነበረችም። ይህን ፎዚያ ታውቃለች፤ ስታውቅም አይኗን ታዞራለች።

በኋላ ሀቢቦ ግቢ ውስጥ ወድቃ የእጅ አንጓዋን ሰበረች። ልትጠይቃት የመጣችው ጎረቤታቸው ቱሪ፣ ሀቢቦ እያወራች እንቅልፍ ሲጥላት ተቀምጣ ስታይ ቆየች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ፣ "ፎዚያ፣ ይህቺን ሴት ምንድን ነው የምትሰጫት?" አለቻት። ክፋት ያለው አነጋገር አልነበረም። ፎዚያ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

በማግስቱ ቱሪ ሀቢቦን እጇን ለሐኪም ልታሳይላት ይዛት ስትሄድ፣ ፎዚያ ቤት ውስጥ ያለውን ክኒን ሁሉ ሰብስባ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ከተተችው። ለማንም ሳትነግር የጀመረችውን ለማንም ሳትነግር ልትጨርሰው ነው። ሐኪም ብትጠይቅ ከየት አመጣሽው መባሏ አይቀርም፤ ስለዚህ አልጠየቀችም።

"መድኃኒቱስ?" አለች ሀቢቦ ሲመሽ።

"አልቋል፣ አዮ። ከእንግዲህ አያስፈልግሽም።"

"ማን አለ?"

"ሐኪሙ።"

መጀመሪያ ላይ ሀቢቦ እንቅልፍ ብቻ ነበር ያጣችው። ከዚያ ላብ ያጠምቃት ጀመር፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ኩባያ መያዝ አቃታት። ብርሃን አይኔን ወጋኝ ብላ መጋረጃ ታስጋርዳለች። የሌለ የመኪና ጥሩንባ ይሰማታል፤ ሊበን መጣ ብላ ትነሣለች። ፎዚያ የመድኃኒት ሱስ ሲወጣ እንዲህ ያደርጋል፣ ጨከን ማለት ነው በሚል በሰማችው ወሬ ራሷን አጽናናች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሀቢቦ የፎዚያን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። "አንዲት ብቻ። ግማሿን" አለች። ፎዚያ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

"ፎዚያ፣ ዋልዳ እያለን አፍሽን ከፍተሽ ከልክዬሽ አውቃለሁ?"

ፎዚያ የቀሚሷን ጫፍ ከእህቷ ጣቶች ቀስ ብላ አላቅቃ ወጣች። ከቆርቆሮው አጥር ኋላ ቆማ አለቀሰች። ክኒን ግን አላመጣችም። ያ ልበ ደንዳናነቷ ፍቅር መስሏት ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሀቢቦን ብቻዋን ትቶ መሄድ ስላሰጋት ሱቅ ይዛት ወጣች። እኩለ ቀን ላይ አንዲት ደንበኛ ሽርጥ እያማረጠች ሳለ፣ ሀቢቦ ከተቀመጠችበት ዱካ ላይ እንደ እንጨት ደርቃ ወደ ጎን ወደቀች። ሰውነቷ ይንፈራገጥ ጀመር። ደንበኛዋ ሽርጡን ጥላ ወደ ኋላ ሸሸች። የሰፈሩ ሰው ተጋግዞ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሳት።

የተቀበላቸው ጆን የሚባል ክሊኒካል ኦፊሰር ነው፤ ሙያው እንደ ጤና መኮንን ያለ ቢሆንም ሁሉም በስዋሂሊ ዳክታሪ፣ ሐኪም፣ ነው የሚለው። ፎዚያ በገበያ የለመደችው ስዋሂሊ ስላላት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

"የሚጥል በሽታ ነበረባት?"

"ኧረ የለባትም።"

"የምትወስደው ዳዋ፣ መድኃኒት አለ? የእንቅልፍም ይሁን የሌላ?"

ፎዚያ ከኋላዋ የቆሙትን የሰፈር ሰዎች አየች። ቱሪም አለች።

"የለም" አለች።

ጆን የወባ ምርመራ አዘዘ፤ የስኳር መጠኗን አየ፤ ጭንቅላቷን መትቷት እንደሆነ ዳሰሰ። ምንም አላገኘም። ሀቢቦ ትንሽ ከተረጋጋች በኋላ አይኗን ከፍታ ፎዚያን ስትፈልግ፣ እንደገና ደረቀች። ይህኛው ከፊተኛው የባሰ ነበር። ምላሷን ነክሳ ኖሮ በአፏ ጥግ ደም ወረደ። ፎዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ አየችው። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የእሷ ግን እዚያ ላይ አልችልም አለ።

"ዳክታሪ፣ ዋሽቼሃለሁ። ዲያዜፓም ትወስድ ነበር። ለዓመታት። እኔ ነኝ የምሰጣት። እኔው ነኝ የጣልኩባት፤ ሁሉንም ባንዴ።"

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማ። ጆን አልተቆጣም፤ የመቆጫ ጊዜም አልነበረውም። ነርሷን ጠርቶ መርፌ አስወጋት፤ መንፈራገጡም እየላላ ሄዶ ቆመ። ፎዚያ ምን እንደወጓት ስትጠይቅ፣ ያው እሷ ጉድጓድ ውስጥ የከተተችው መድኃኒት መሆኑን ነገሯት።

ነገሩ ሲረጋጋ ጆን ለብቻዋ አስቀመጣት።

"አንጎሏ በዚህ መድኃኒት እየተደገፈ ነው የኖረው" አላት። "ድጋፉ ባንዴ ሲነሣበት እንዲህ ይሆናል። ልትሞት ትችል ነበር።"

"ታዲያ ዕድሜ ልኳን ትውሰደው?"

"አይደለም፤ ማቆሙ ይሻላታል። መውደቋም መርሳቷም ከእሱ ሊሆን ይችላል። ግን ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በቀስ ነው የሚቆመው። አሁን ወደ ለመደችው መጠን እንመልሳታለን። ከዚያ ትንሽ እቀንሳለሁ፤ ሰውነቷ እስኪለምደው እንጠብቃለን፤ እንደገና ትንሽ። ከከበዳት እዚያው ላይ እናቆያታለን። ወራት ይወስዳል፤ ከዓመትም ሊያልፍ ይችላል። በራሳችሁ አትጨምሩ፤ በራሳችሁ አትቀንሱ። የሳል ሽሮፕም ቢሆን ሌላ የሚያስተኛ ነገር ሳትጠይቁኝ እንዳትሰጧት።"

ፎዚያ እሺ አለች። የፊተኛው እሺታዋ ትዝ ብሏት አንገቷን ደፋች።

"እሷም ማወቅ አለባት" አለ ጆን። "እኔ ልንገራት?"

"እኔ ነኝ የምነግራት።"

ሀቢቦ ተነሥታ መቀመጥ ስትችል፣ ፎዚያ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ስር አስቀምጣ ነገረቻት። ሐኪሙ ለጥቂት ሳምንት ብቻ እንዳለ፣ ቀጥይ ያለ ሐኪም እንዳልነበረ፣ አቁሚ ያለም እንዳልነበረ። አንዱንም አላስቀረችም። ሀቢቦ በፋሻ የታሠረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማቻት።

"ለምን?" አለች በመጨረሻ።

"ለቅሶሽን መስማት አልቻልኩም።"

"ልጄ ሞቶ እንባዬ ሲደርቅ ምን ዓይነት እናት ነኝ እል ነበር" አለች። "ሰው ሊበንን ሲያነሣብኝ ውስጤ ባዶ ነው። ራሴን ጠልቼ ነው የኖርኩት፣ ፎዚያ። ከድንጋይ የተፈጠርኩ መስሎኝ።"

ፎዚያ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። መውደቋን አስባለች፣ መርሳቷን አስባለች፤ ይህን ግን አላሰበችም። ይቅር በይኝ ማለት አነሰባት።

"ክኒኑን ከእንግዲህ ቱሪ ትያዘው" አለች ሀቢቦ። "ካንቺ እጅ አልውጥም።"

እንደዚያው ሆነ። ቱሪ በየምሽቱ አጥር ተሻግራ ትመጣለች፤ ጆን ያዘዘውን ያህል ሰጥታ ሀቢቦ ስትውጥ አይታ ትሄዳለች። ፎዚያ በር ላይ ቆማ ታያለች። ሀቢቦ ለብዙ ጊዜ ከምግብና ከልጆቹ ነገር በቀር አላነጋገረቻትም። ፎዚያም አነጋግሪኝ ብላ አልለመነችም፤ ልትለምን የሚገባት አልመሰላትም።

መቀነሱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። አንዱ ቅነሳ ምንም ሳይመስላት ያልፋል፤ ሌላው እንቅልፍ ነሥቶ ያስጨንቃታል። አንድ ጊዜ ልቧ ከደረቷ ሊወጣ እስኪደርስ መታ። ፎዚያ ፈርታ እግሯ ወደ ድንበሩ፣ ወደዚያ መድኃኒት ቤት ሊወስዳት ቃጣው። ዘወር ብላ ጆን ዘንድ ሄደች። እሱም ሀቢቦን አስመጥቶ መረመራትና፣ "እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ" አለ። መጠኑን ሳይነካው አንድ ወር አቆያት፤ ከዚያ በፊተኛው ግማሽ ያህል ብቻ እየቀነሰ ቀጠለ።

መጠኑ ባነሰ ቁጥር ሀቢቦ እየነቃች መጣች። የልጆቹን ጠብ መዳኘት ጀመረች። የወጡ ጨው በዛ ትላለች። ከዚያ አንድ ቀን ቱሪ ሱቅ ላለችው ፎዚያ ደወለችና፣ "ነይ፣ እያለቀሰች ነው" አለቻት።

ፎዚያ ሱቁን ዘግታ ሮጠች። ሀቢቦ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ሊበን ትናንት የሞተ ይመስል ታለቅሳለች። ለፎዚያ መጀመሪያ የመጣላት ዝም ላሰኛት የሚለው ሐሳብ ነው። ውኃ ልታመጣ፣ ተይ ልትላት ነበር። ከበሩ ተመለሰችና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሀቢቦ ስለ ልጇ አወራች፤ ሲስቅ ትከሻው እንዴት እንደሚነቃነቅ፣ ለበግ ዋጋ ሲከራከር አፉ እንዴት እንደሚጣፍጥ። ፎዚያ ያን ሁሉ ዓመት ያልሰማችውን ሰማች። ጆሮዋ ቻለው። ያኔም ይችል ነበር ብላ አሰበች፤ ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ሀቢቦ ክኒኑን ገና ጨርሳ አልተወችም። ትንሽ ቀርቷታል። ቱሪን አስከትላ ጎዶማ የሚባል መንደር ሠርግ ሄዳ መጥታለች፤ አልወደቀችም፣ መንገድም አልጠፋባትም። ክኒኑ አሁንም ቱሪ ዘንድ ነው። በቅርቡ የቀጠሮዋ ቀን ሲደርስ ግን ሻርፗን እየጠቀለለች፣ "ዛሬ አንቺ ውሰጂኝ" አለቻት።

ፎዚያ ሱቋን ሳትከፍት ወሰደቻት። ጆን ተቀብሎ አስቀመጣቸውና፣ "እንቅልፍ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ደህና ነው፣ ዳክታሪ፤ አልፎ አልፎ ብቻ..." አለች ፎዚያ።

"እኔን ነው የጠየቀኝ" አለች ሀቢቦ።

ሀቢቦም ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አድርጋ፣ ስንት ጊዜ እንደምትነቃ፣ ምን እንደሚያስጨንቃት፣ የትኛው ቅነሳ እንደከበዳት በተሰባበረ ስዋሂሊዋ ራሷ ትናገር ጀመር።