ሦስት ጊዜ የተፈወሰችው ቫኪዩም

ትናንትን ሳይረሳ ነገን ከሚያውቅ አምላክ የአንዲት አቧራ መጥረጊያ ምሥጢር አይሰወርም፤ ከጠጋኙ ግን ተሰውሮ ነበር።

ይህ ሰው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚጠግነው በአማቱ ጓሮ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አማቱም አንድ ቀን ገመድ አልባ ቫኪዩማቸውን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት።

«የኔ መሐንዲስ፣ እስከ ቅዳሜ ካዳንካት ክፍሉ ያንተ ነው። ካላዳንካት ልብስ ሰፊዋ እህቴ የስፌት መኪናዋን ይዛ ትገባበታለች፤ አንተም ብሎንህን ለቅመህ ትወጣለህ!»

«ምኗን ነው ያመማት፣ እማማ?»

«ትነሳለች፣ ትጮኻለች፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላት ቀይ መብራት ብልጭ አድርጋ ጸጥ!»

ቅዳሴው ሳይጋመስ እንደሚያንጎላጅ ዲያቆን ማለት ነው። ጠጋኙም ሕመሙን በዓይኑ ሳያይ የአማቱን ቃል እንደ ወንጌል ተቀበለ። ባትሪውን በቴስተር ለካ፤ ሙሉ ነው። ሞተሩን በቀጥታ አስነሳው፤ አገሳ። «እንግዲያው በደለኛው የመቆጣጠሪያ ቦርዱ ነው» ብሎ ፈረደና በቦርዱ ላይ ያሉትን የጥቃቅን ዕቃዎች እግሮች አንድ በአንድ በየዳቸው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሠራች። ተአምር!

አማቱ ወሰዷት፤ ሳይውሉ ሳያድሩ መለሷት። የሙቀት መለኪያውን ቀየረ፤ በክፍሉ ተነሳች፣ በሳሎን ሞተች። ሦስተኛ ጊዜም ጠገናት፤ እንዲሁ ሆነች።

«እኔን ስታይ ነው የምትሞተው በለኛ!»

«እንደዚያማ ቢሆን እኔ ገና በሠርጌ ቀን በሞትኩ ነበር» አለና ምላሱን ነከሰ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ተከትሏቸው ሳሎን ገባ። በዚያ ቤት ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑ ቀሚስ፣ ማቀዝቀዣው ሻሽ አለው፤ ሁሉም የአማቱ የዳንቴል ሥራ ነው። አማቱ ቫኪዩሟንም እንደ ሕፃን አቅፈው ወፍራም ሮዝ ሹራብ አለበሷትና አስነሷት፤ ሹራቡም የአየር ቀዳዳዎቿን በሙሉ ደፈነ። ጠጋኙ ዘንድ ሲልኳት ግን «እንዳይቆሽሽ» ብለው ያወልቁላት ነበር። ቦርዱ አልታመመም፤ ሞተሩ በሙቀት እንዳይነድ እያጠፋ ነፍስ ሲያድን ከርሟል።

ጠጋኙን ጭንቅ ያዘው። ቢናገር የእጃቸውን ሥራ መስደብ ነው፤ ዝም ቢል ነገ ቅዳሜ ነው።

«እማማ፣ ይቺ በጀርባዋ ነው የምትተነፍሰው። እርስዎ ደግሞ አፍነዋታል። ሹራቡ ይውለቅ።»

«ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን?»

«እኔስ ሳምንቱን ሙሉ ጤነኛ ቦርድ ስበይድ አልከረምኩም? ሳልሞክራት ፈታኋት። እኩል ሞኞች ነን፣ እማማ።»

አማቱ አፈጠጡበት። ከዚያ ሹራቡን ገፈው ራሳቸው አስነሷት። ሳሎኑን ጠረጉ፣ መኝታ ቤቱን ጠረጉ፣ አልጋ ሥር ሳይቀር ገቡ፤ ቀዩ መብራት ትንፍሽ አላለም።

«እህቴ ሌላ ቤት ትፈልግ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ክፍሉ ያንተ ነው። ለጎረቤት ግን ያዳንኳት እኔ ነኝ እላለሁ። ውሸት ነው?»

«ኧረ እርስዎ ነዎት፣ እማማ! እኔማ ሦስቴ ገደልኳት።»

አንባቢ ሆይ፣ እግዚአብሔር ቤትህን ይባርክ፤ ለአማትህ ዕድሜ፣ ለአንተም ትዕግሥት ያድልልኝ፤ አሜን።