ስም አልጠራም

ለተ ብርሃን የሰፋችውን ጆንያ ለሦስተኛ ጊዜ ተረተረችው። ያስቸገራት መርፌው አይደለም፣ ሐሳቧ ነው። ቆቦ እህል ገበያ ውስጥ ጆንያ የምትሰፋ ሴት እሷ ብቻ ስለሆነች፣ እጇ ሲሳሳት ያየ ሁሉ "ምነው ዛሬ?" ይላታል።

ባለፈው ሳምንት ለወባ ጥናት ተብሎ እሷም ልጇ ሰመረም ከጣታቸው ደም ሰጥተው ነበር፤ ደሙ ካርድ ላይ ጠብ ብሎ ደረቀ። በማግስቱ ጎረቤቷ ደምሴ ከሬዲዮ የሰማውን አወራ፦ "ደም እኮ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል።" ሰመረን ደግሞ እሷ አልወለደችውም፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከሞተች ሴት ጉያ ያነሳችው ነው። ከሟች ባሏ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ለሰመረም ጭምር።

ጆንያውን ጥላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ደሙን የወሰደችው ነርስ መቅደላዊት፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ልጅ፣ አስቀመጠቻት።

"አይስጉ፣ እትዬ። ለሌሎች ተመራማሪዎች የሚላከው በቁጥር ነው፤ ስም አይጠራም።"

"እስቲ የኔን አንብቢልኝ።"

"አርባ አንድ። ሴት፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት፣ ቆቦ፣ ጆንያ ሰፊ። ልጅ፣ አርባ ሁለት ቁጥር።"

"ይኸው ጠራሽኝ።"

"የት ጠራሁዎት?"

"እኛ ሰፈር ሐሜት ሲጀመር 'ስም አልጠራም' ይባልና 'ያቺ ጆንያ የምትሰፋዋ' ተብሎ ይቀጠላል። አንቺ ደግሞ ዕድሜዬን ጨመርሽበት። ሐሜተኛ እንኳ እሱን ይተውልኝ ነበር።"

መቅደላዊት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቅጹን እንደገና አየችው። "ጆንያ ሰፊ" የሚለውን ሰርዛ "የግል ሥራ"፣ ዕድሜውንም "ከሃምሳ በላይ" ብላ ጻፈች።

"እናትና ልጅ የሚለውስ?"

"ጥናቱ በእናትና በልጅ ላይ ስለሆነ እሱን መሰረዝ አልችልም። ካልፈለጉ ግን ካርድዎን አወጣለሁ፤ ለምን ብዬም አልጠይቅም። የሌላ ሰው ካርድ ግን ባለቤቱ ራሱ ካልጠየቀ አይነካም።"

"የኔ ይበቃል። አውጪው።" የሰመረ ብቻውን ቢቀር ምን ይናገራል?

መቅደላዊት ሳጥኑን ከፈተች። ለተ ብርሃን ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ገበያ አስተምሯታል። አርባ፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሦስት።

"አርባ ሁለት የት ሄደ?"

"ስለ ሌላ ሰው ካርድ አልናገርም፣ እትዬ።" ልጅቷ አቀረቀረች።

ለተ ብርሃን ክፍተቱን አየችው። "የኔ ይቀመጥ እንግዲህ" ብላ ወጣች። ከባጃጅ ይልቅ እግሯ የሚፈጥን መሰላት።

ሰመረን እሷ የተረተረችውን ጆንያ ሲሰፋ አገኘችው። "ያንን ጫፍ ያዢልኝ፣ አደይ" አላት፣ እናቱን እንደ ልማዱ በትግርኛ እየጠራ።

ያዘችለት። "ካርድህን አስወጣህ አይደል?"

"አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ።"

"ማን ነገረህ?"

ሰመረ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። "ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። ስም አልጠሩም እንጂ።"