የአበልጄ ታርጋ

መኪናሽ አልቆላታል ያለኝ አበልጄ ኤቫሪስቶ ነው። ሞተሯን አስነሥቶ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀና "አበልጅ፣ ይቺ አትበጅም። መንገድ ላይ ሳትገትርሽ ሽጫትና ተገላገዪ" አለኝ። ገዢም አላሳጣኝም፤ ራሱ ሊወስዳት ነው። "ላንቺ ብዬ እንጂ ማን ደፍሮ ይገዛታል?"

ባሌ ሲሞት የተወልኝ ይህችን ቀይ መኪና ነው። በየማለዳው የጋገርኩትን የአይብ ዳቦ፣ ፓንዴቦኖዬን፣ ጭኜ የካሊ ከተማን ሱቆች የማዳርሰው በሷ ነው። እሷ ከሄደች ሥራዬም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ኤቫሪስቶ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱም መሐረቡን ሰጥቶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ልጁን ዊልማርን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሚስቱ ሩቢዬላ ደግሞ ከገዛ እህቶቼ ይልቅ ትቀርበኛለች። እሷም "ይቅርብሽ ኖሄሚዬ፣ ለብረት ይለቀሳል?" አለችኝ። ሰኞ ልንፈራረም ተስማማን።

ቅዳሜ ቤንዚን ልቀዳ ወጣሁ። የምትሸጥ መኪና ምን ቤንዚን ያስፈልጋታል እንዳትሉኝ፤ ለአበልጅ ባዶ ታንከር ማስረከብ ነውር መስሎኝ ነው። ሞኝ ነኝ። ቀጂው ጢም አድርጎ ሞልቶ ክዳኑን ገጠመ። ቁልፉን ባዞር አልነሣም አለች። ስንት ለምኛት ተነሣችና ተንዘፍዝፋ ጠፋች። ቤንዚኑ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ጥሩምባቸውን ያንባርቁብኝ ጀመር።

"እመቤት፣ እዚሁ ልታድሪ ነው እንዴ?" አለኝ አንዱ ባለሞተር።

"አልጋ ካመጣህልኝ ምን ገዶኝ!" አልኩት።

ከማደያው ጎን ጋራዥ ያለው ዶን ሊባርዶ የሚባል ሽማግሌ ሰዎች አስተባብሮ እየገፋ ደጁ አስገባኝ። እኛ ዘንድ አበልጅሽ መካኒክ ከሆነ መኪናሽን ሌላ ሰው ማስነካት ባል ላይ ከመወስለት አይተናነስም። "አይንኩብኝ፣ የራሴ መካኒክ አለኝ" አልኩ።

"መካኒክሽ ምን አለ?"

"ሞተሯ አልቋል አለ።"

"ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምትሆነው?"

አሰብኩ። ሁልጊዜ አይደለም። ታንከሯ በተሞላ ቁጥር ነው፤ ይህንኑ ነገርኩት። ለኤቫሪስቶም ነግሬው "አጋጣሚ ነው" ብሎ አልፎኛል።

ሽማግሌው ሳቀ። "ያለቀ ሞተር ቤንዚን በተቀዳለት ቀን ብቻ አያለቅስም፣ ልጄ። ኮፈኑን ክፈቺው።"

ከፈትኩት። አስነሥቶ ነዳጅ ሳይረግጥ በሚኒሞ ተዋት፤ ትንቀጠቀጣለች። አንዲት ትንሽ ጥቁር ቫልቭ አሳየኝ። የታንከሩን ትነት ወደ ሞተሩ የምታሳልፍ በር ናት፤ ሞተሩ ሲስብ በልክ መከፈት፣ በሚኒሞ ጊዜ ግን ዝግ መሆን አለባት። ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ነቀለና "ጣትሽን እዚህ አድርጊ" አለኝ። ባደርገው ስብ አድርጋ ያዘችው። የኤሌክትሪክ ሽቦዋን ነቀለ፤ አሁንም ትስባለች። ጣቴ ቀዳዳውን እንደ ደፈነ ግን ሞተሩ መንቀጥቀጡን ተወና በለስላሳው ዞረ። ባሌ በሕይወት ሳለ የማውቀው ድምፅ ነው።

"ይኸውልሽ ያለቀው ሞተርሽ" አለ ዶን ሊባርዶ። "በሯ አልዘጋ ብላ ትነቱን ስትግተው ነው የከረመችው።"

ልስመው ምንም አልቀረኝም። ቫልቯን ፈትቶ እጄ ላይ አኖረልኝ። እዚህ ከተማ ሌባ ስለሚፈራ ሁሉም ሰው መስታወቱና መብራቱ ላይ የታርጋ ቁጥሩን ያስቀርጻል። ባሌና ኤቫሪስቶ ደግሞ ብሶባቸው አንድ ቀን ተያይዘው ሄደው ኮፈን ሥር ያለውን ሁሉ አስቀርጸው መጡ። ቫልቯን አገላበጥኳት። ቁጥሩ የኔ አይደለም። የኤቫሪስቶ አሮጌ መኪና ቁጥር ነው፤ ዊልማርን ወደ ክርስትናው የወሰድንባት፣ በኋላ ፈራርሳ ጓሮው የተጣለችው።

ጎልማሳ መካኒክ፣ የራሱ ስም የተጻፈበት ያህል የሆነ ነገር ሰው መኪና ላይ ገጥሞ ረሳው! የኔን ደኅናዋን ነቅሎ፣ የሱን ብልሹ ተክሎብኝ፣ ከዚያ ደግሞ በዚያው እጁ መሐረብ ሰጠኝ። እንባዬን ስጠርግ እያየኝ ምን ያስብ ነበር?

ዶን ሊባርዶ ቀዳዳዎቹን ለጊዜው ደፈነልኝና ወደ ኤቫሪስቶ ከነፍኩ። የመኪናዬን ድምፅ ሰምቶ ብቅ አለ። ሞተሩ መስተካከሉ ገባው፤ ኮፈኑን ከፍቶ አየ።

"ሌላ ሰው አስነካሻት?" አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "እኔ ቆሜ እያለሁ? እኔን አበልጅሽን ከዳሽኝ?"

እሱ ነው እንዲህ የሚለኝ! ቫልቯን ቁጥሯን ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና "አንብባ" አልኩት። አላነበበም።

"የኔን አምጣ።"

ይክደኛል ብዬ ነበር። መሳቢያውን ሳብ አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች ቫልቭ አወጣ። መኪናዋ የሱ ስትሆን መልሶ ሊገጥማት ነው ያስቀመጣት።

"ለዊልማር ነው" አለ መሬት መሬት እያየ። "ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። መኪና ቢኖረው ታክሲም ይሠራባት ነበር። ልጅሽ አይደለም እንዴ?"

"ልጄ ነው። ታዲያ አፍ የለህም? አትጠይቀኝም?"

"ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?"

እሱን እኔም አላውቀውም። ዊልማር ትዝ ሲለኝ ንዴቴ በረድ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ይቅር የምለው መሰለኝ።

ሩቢዬላ ከቤት ውስጥ ጭማቂ በብርጭቆ ይዛ ወጣች። "መጣሽ የኔ እህት? ይሄ ሙቀት እኮ ሊገድለን ነው" አለች። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ሩቢዬላ ካንዴላን ከብሎን አትለይም፤ ስንቴ ስቀንባታል። አሁን ግን ምንድን ነው ብላ አልጠየቀችም። ወደ ባሏ ዞረች።

"ነገርካት?" አለችው።

ቫልቬን አንሥቼ ወጣሁ። ለኤቫሪስቶ የሚሆን ስድብ መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ ለሷ የሚሆን ግን አንድም ቃል አልነበረኝም።