የማትራገጠዋ ላም

ሴትየዋ ስንቱን ይቅር ብላ ዋርሳዋን ግን ይቅር ያላለችው በገራሟ ላም ምክንያት ነው። እርሻው የባሏና የዚሁ የታናሽ ወንድሙ የጋራ ነው። ተማሪ እየተቀበሉ ሥራ ማለማመድን ያመጣው ይኸው ታናሽየው ነበር። ሐሳቡን አልጠላችውም። ልጆቹ አካፋ ይይዛሉ፣ በረት ይጠርጋሉ፣ አንዳንዱም የላምን ፊት ከኋላዋ ለይቶ ይሄዳል። ያንገበገባት ሌላ ነው። ማለብ ሲማሩ ሁልጊዜ የምትታሰርላቸው ገራሟ ነበረች፤ አትራገጥማ። አንዱ ጥፍሩን ሳይቆርጥ ይቧጥጣታል፣ ሌላው እንደ ደወል ገመድ ይጎትታታል፣ እሷ ዓይኗን ከድና ታመሰኳለች። መርፌ መውጋትም በእሷ፣ ሰኮና መቁረጥም በእሷ። ሲሄዱ ቁስሏን ቅባት የምትቀባው ሴትየዋ ናት። በተናገረች ቁጥር ዋርሳዋ፣ ላሚቱ ራሷ ቅር ሳይላት አንቺን ምን ቆረቆረሽ እያለ ይስቅባታል።

ዘንድሮ የገራሟ አንዱ ጡት ነጠፈ። ዋርሳዋ ሻዩን እያማሰለ፣ ወተቷ አንሷል፣ ለሥጋ እንሽጣት አለ። ባሏ ብርጭቆውን አየ። ሴትየዋ ከገበታው ተነሳች። እስካጥንቷ ግጠዋት ሲያበቁ፣ አሁን ደግሞ አጥንቷን!

በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቹ ሳይመጡ ገራሟን ፈትታ ታችኛው መስክ ለቀቀቻት። በቦታዋ ነበልባልን አሰረች። ነበልባል ከሴትየዋ በቀር ግቷን ለማንም የማታስነካ፣ ባልዲውንም አላቢውንም ባንድ እግር የምታነሳ ላም ናት።

ዋርሳዋ ልጆቹን አስከትሎ ገባና ቆመ።

«እትዬ፣ ተሳስተሻል። ይቺ እኮ ሰው ትገድላለች።»

«አትገድልም። ሲያማት ትናገራለች።»

«ታዲያ ልጆቹ በምን ይማሩ?»

«በሷ። ያቺ ምን አስተማረቻቸው? ቢያደሙትም ዝም የሚል ፍጡር እንዳለ ነው።»

እንደ ልማዱ ሳቀ። ላሳያችሁ ብሎ በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ፤ እጁንም ገራሟን እንደለመደው ሰደደ። ባልዲው ከግድግዳው ጋር ተላተመ። እሱ እበቱ ላይ ተዘረጋ። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ዋጡት።

ሴትየዋ አልሳቀችም። በርጩማውን አነሳች፣ ጠረገችው፣ ከነበልባል ጎን መልሳ አኖረችው።

«ገራሟን የሚሸጥ ካለ፣» አለች ዋርሳዋን ሳታየው፣ «ከነገ ጀምሮ ይቺን ራሱ ይለባት።»

ዋርሳዋ ሱሪውን አራገፈ። እሷም ከፊት ወደቆመችው ተማሪ ዞረች።

«ነይ ልጄ። መጀመሪያ ጥፍርሽን አሳዪኝ።»