የዳማው መንገድ

ዳማው ንቅንቅ አላለም። ወርቅአየሁ ሦስት ጊዜ ተፈናጠጠችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ፈረሱ ደጃፉ ላይ እንደ ካስማ ተተክሎ ቀረ። በመጨረሻ ወረደችና ከግድግዳው ላይ የሟች ባሏን ጥቁር በርኖስ አንስታ ደረበችው። ያኔ ፈረሱ ጆሮውን አቆመ፣ በርኖሱን አሸተተ፤ ገና ኮርቻው ላይ ሳትደላደል መንገዱን ጀመረ።

ባሏ ዓለምነው ከተቀበረ ሠላሳ ሦስት ቀኑ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረች፤ «እጅ አጥሮናል»። የልጃቸው የእናትነሽ ቀሚስ ሲያልቅ እጅ አጥሮናል፤ ጨው ሲጠፋም እጅ አጥሮናል። ታዲያ በየወሩ በገብርኤል ቀን በርኖሱን ደርቦ፣ ዳማውን ጭኖ ወደ ዘንገና ሐይቅ ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። አገሩ ግን ተናግሮ ጨርሷል፤ ወረቀቱ ብር ከመጣ በኋላም ያልቀየረው ጠገራ ብር በገንቦ ቀብሯል ይሉታል። ከእጅ ወደ አፍ እየኖሩ በሀብት መታማት እንዴት እንደሚያንገበግብ የምታውቀው እሷ ናት።

አሁን ለአርባው ተዝካር ሰባት ቀን ቀርቷል፤ በእጇ ቤሳ ቤስቲን የለም። የባሏ ወንድም በዛብህ ድግሱን እኔ እችላለሁ ብሏል፤ በምላሹ የወንዙን ዳር ማሳ ሊይዝ። ያ ማሳ ከሄደ እሷና እናትነሽ የሚቀምሱት የላቸውም። ተስፋ ያየችው በለቅሶው ቀን ነበር። እንደ ወጉ ፈረሱን ጭነው፣ በርኖሱን ኮርቻው ላይ አልብሰው በለቀስተኛው መሃል ሲያዞሩት፣ ዳማው ልጓሙን ከሳቢው እጅ ነጥቆ ወደ ዘንገና መንገድ አቀና። ጌታውን ፍለጋ ነው ብሎ ሰዉ አለቀሰ። እሷ ገንቦውን አሰበች፤ በማሰቧም አፈረች።

አገሩ ጉም ለብሷል። ቀርከሃ ተሸክሞ የሚወርደው ጎረቤታቸው እንየው ድንገት ከፊቷ ብቅ አለ። ፈረሱን አየ፣ በርኖሱን አየ፣ ሸክሙን ጥሎ አማተበ። እኔ ነኝ ልትለው አፏን ስትከፍት ፈረሱ አልቆመላትም። ዳማው ሰውየውን አልፎ፣ የሐይቁን አፋፍ ዞሮ፣ ማዶ ብቻዋን ከቆመች ጎጆ ደጅ ደረሰና መሬቱን አንድ ጊዜ በኮቴው መታ።

በሩ ተከፈተ፤ ዓይናቸው የጠፋ አሮጊት ብቅ አሉ።

«ባለፈው ገብርኤል ቀረህብኝ፣ ልጄ» አሉ።

ወርቅአየሁ ወረደች። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የበርኖሱን አንገትጌ ዳሰሱ፤ ጣታቸው በቀይ ክር የተሰፋ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓለምነው በርኖሱን ከግምጃ ቤት ከተማ ገበያ የገዛሁት ነው ይላት ነበር።

«ይኸውና የሰፋሁልህ። ከሐይቁ ከወጣህ ወዲህ አንድም ቀን አልተናገርክም፤ አልተከፋሁብህም። ሙት አይናገርም።»

ባሏ ይህን በርኖስ ከማን ትከሻ እንዳወለቀው አሁን ገባት፤ የአሮጊቷ ልጅ ከመስጠሙ በፊት ይሁን በኋላ ግን የሚነግራት የለም። አሮጊቷ እጇን ይዘው ወደ ውስጥ መሯት፤ ከምሰሶው ሥር ያለውን ገንቦ ከፈቱ።

«ያመጣህልኝን አልነካሁትም። ሬሳህ ስላልተገኘ ተዝካርህ ሳይወጣ ቀረ፤ ለሱ ነው ያኖርኩት። ይበቃ እንደሆነ እስቲ እየው።»

እጇን ከተተች። ብሩ ይቀዘቅዛል። የእናትነሽ ቀሚስ እዚህ ገንቦ ውስጥ ነበር፤ የጠፋው ጨው እዚህ ነበር። አንድ ጭብጥ ለድግሱ ይበቃል፣ ማሳውም ይተርፋል፤ የሚያይ ሰው ደግሞ በቤቱ ውስጥ የለም። ጨበጠች።

አሮጊቷ የእጇን አንጓ ያዙ።

«እጅህ እንዴት ከሳ» አሉ።

ወርቅአየሁ ጭብጧን ፈታችው፤ ብሩ አንድ በአንድ ተመልሶ ወደቀ።

«እናቴ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም» አለች።

አሮጊቷ አልደነገጡም፤ አንጓዋንም አልለቀቁም። በሌላ እጃቸው በርኖሱን ከአንገትጌው እስከ ዘርፉ እንደገና ዳሰሱት። ፊታቸው ላይ ሐዘኔታ ነበረ።

«አንቺስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንቺስ መቼ ሞትሽ?»