የእባቡ ቆዳ የሸፈነው

ቨርሊን አንድ ዓይኑን ያጣው በእኔ ምክንያት ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የቀረውን የፈለገ ያንብበው።

እዚህ ሚዙሪ፣ ኮረብታው ላይ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ደጋን ስጠርብ ኖሬያለሁ። የምጠርበው ከቦዳርክ ነው፤ አጥር ጥግ የሚበቅል፣ ውስጡ ቢጫ፣ ስለት የሚያዶለዱም ክፉ እንጨት። ሥራው አንድ ሕግ አለው። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ የደጋን ጀርባ ከጫፍ እስከ ጫፍ የአንድ ዓመት ቀለበት ብቻ ተከትሎ መሄድ አለበት። ቀለበቱ የተበጠሰ እንደሆነ እንጨቱ አንድ ቀን እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። ያ ቀን መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ቨርሊን ጎረቤቴ ነው። ከእንጨት መሰንጠቂያው ጡረታ በወጣ ዓመት ባለመዘውር ደጋኑን ከነማነጣጠሪያው፣ ከነርቀት መለኪያው ለእህቱ ልጅ ሰጥቶ ወደ እኔ መጣ።

«እንጨትና ገመድ ብቻ ሥራልኝ» አለኝ።

«ምን ነካህ? በዚያኛው እኮ በየዓመቱ አጋዘን ትጥል ነበር።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ። አርባ እርምጃ ላይ ቆሜ ማስፈንጠሪያ መጫን ምኑ አደን ነው? ሥጋ ቤት የሄድኩ ነው የሚመስለኝ። አጋዘኗ ስትተነፍስ መስማት አለብኝ።»

«ባዶ እጅህን ነዋ የምትመለሰው።»

«እመለሳለሁ። ማን ከለከለኝ?»

ገባኝ። እኔም ያው በሽታ አለብኝ። እንስሳው እስኪቀርብ ጠብቀህ፣ ትንፋሽህን ውጠህ፣ በራስህ ክንድ ካልሳብክ በቀር ጫካው የሚያስገባህ አይመስልም።

ስድስት ዓመት ያደረቅሁትን ግንድ አወረድኩለት። ሥራው አምሮልኝ ነበር። ሬዲዮው የቤዝቦል ጨዋታ እያስተላለፈ፣ የእኛ ቡድን ልጆች መጨረሻው ላይ ጉድ ሲሆኑ፣ እኔም ስራገም፣ ቢላዋው ትንሽ ጠለቀ። የጥፍር ስፋት እንኳ አይሞላም። የደጋኑ የላይኛው ክንድ መሀል ላይ ቀለበቱ ተበጠሰ።

ምድጃ ውስጥ መክተት ነበረብኝ። ግን የአደኑ ወቅት ሊከፈት ዐሥር ቀን ቀርቶታል፤ እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ እንደዚያ ያለ ደጋን በዕድሜዬ ሠርቼ ስለማላውቅ ሳሳሁ። ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ዓመት የተኛ የእባብ ቆዳ ነበረኝ። በሙጫ ለጠፍኩበት። ሲደርቅ እኔ ራሴ እንኳ ቦታውን በጣቴ ፈልጌ ማግኘት አቃተኝ።

ቨርሊን ከሁሉ አስበልጦ የወደደው ቆዳውን ነበር። «ለጌጥ ጨመርክልኝ አይደል? አንተ ሽማግሌ፣ ለካ አንጀት አለህ» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ሁለት መኸር ምንም ሳይጥል አለፈ። የከብት መኖ መደብሩ በገባ ቁጥር እዚያ የሚውሉት ሰዎች ይነካኩታል።

«ቨርሊን፣ ዘንድሮም አጋዘኖቹን ሰላም ብለሃቸው ነው የተመለስከው?»

«አዎ፣ እነሱም ሰላም ብለውሃል። ሆዱ ገፋ ወይ እያሉ ነው።»

ከዚያ እኔ ዘንድ መጥቶ ያየውን ያወራኛል፤ ጆሯቸውን እንዴት እንደሚያዞሩ፣ ቅጠል ሲረግጡ እንዴት እንደሚጠነቀቁ። እኔ ግን ዓይኔ ደጋኑ ላይ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ካልተሰበረ ከእንግዲህ አይሰበርም እያልኩ ራሴን እሸነግል ነበር።

በሦስተኛው መኸር፣ ኅዳር ላይ፣ አንድ ማለዳ አብረን ወጣን። እኔ ከወደቀ ግንድ ኋላ ተቀመጥኩ፤ እሱ ሃያ እርምጃ ያህል ከፊቴ ነበር። አንዲት እንስት አጋዘን መጥታ ከእሱ ስምንት እርምጃ ላይ ቆመች። ሳበ። ሳይለቅ ቀረ። ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ከነበርኩበት ይታየኛል። ልቀቅ፣ ልቀቅ እላለሁ በልቤ።

ጠመንጃ የተተኮሰ ያህል ጮኸ። የደጋኑ የላይኛው ክንድ በማውቀው ቦታ ላይ ተሰብሮ ፊቱን መታው።

ፊቱን በሸሚዜ ጠምጥሜ፣ በፒክአፕ መኪናዬ ከተማ አደረስኩት። ሐኪሞቹ ዓይኑን ሊያድኑለት አልቻሉም። ቀኝ ዓይኑ ነው፤ የሚያነጣጥርበት።

አልጋው አጠገብ ቆሜ ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሃርላን። ስበህ አትያዝ፣ ሳብና ልቀቅ ብለህ ስንቴ ነገርከኝ። ግን ሽፋሽፍቷ ላይ ውርጭ ነበር። አንድ በአንድ ይታየኝ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።»

ሚስቱ ዶሪን ትከሻዬን ይዛ፣ «ደጋኑን ስለሰበረብህ አትቀየመው፣ እባክህ» አለችኝ።

አፌን ዘጋሁ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

የበረዶውን ወራት ሁሉ ስለዚያች አጋዘን ሲያወራ ከረመ። መኖ መደብሩ ውስጥ አሁን የሚቀልድበት የለም፤ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጠዋል። «ዓይኔን ሰጥቼ አየኋት» ይላል፣ ፊቱ እየበራ። እኔ እቃዬን አንስቼ እወጣለሁ።

መጋቢት ላይ ደጋን ወደምጠርብበት ቤት መጣ።

«በግራ መሳብ ለምጃለሁ» አለኝ። «ለግራ የሚሆን ሥራልኝ። የእባቡንም ቆዳ እንዳትረሳብኝ።»

ከዚህ በኋላ መሸሻ አልነበረኝም። ሬዲዮውን፣ ቢላዋውን፣ ቀለበቱን፣ ሙጫውን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ቆሞ ሰማኝ።

«ሦስት መኸር ሙሉ ይህን ታውቅ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«ስቤ ስለያዝኩት አይደለማ የተሰበረው።»

«አይደለም። ወዲያው ብትለቀውም አንድ ቀን ይሰበር ነበር። ያንተ ጥፋት የለበትም፣ ወንድሜ።» ሸክም ያወረድኩለት መስሎኝ ነበር።

በቀረችው ዓይኑ አየኝ። «ስለ ዓይኔ ይቅር ሳልልህ አልቀርም» አለ። «ዛሬ አይደለም እንጂ አንድ ቀን እልሃለሁ። ግን እኔ እሷን በማየቴ ነው ያጣሁት ብዬ ነበር የምተኛው። በዚያ ነው የከረምኩት። አሁን ምን ልበል? ለቤዝቦል ሰጠሁት ልበል?»

ሲወጣ በቀኙ በኩል ስለማይታየው ትከሻው ከበሩ ጋር ተጋጨ። ልደግፈው ተነሣሁ።

«ተወኝ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ አልመጣም፤ ጫካም አልገባም። መኖ መደብሩ ውስጥ ስለዚያች አጋዘን ሲጠይቁት፣ «ደጋን ነው፣ ተሰበረ» ብሎ ወሬ ይለውጣል አሉኝ። የኔን ስም ግን አንድም ቀን አላነሳም።